ድምፄ ሲታነቅ ጉልበቴም አብሮ ያልቃል

ደብዳቤው፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለ11 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ድምፄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርድ መስሎኝ ዝንጅብልና ማር ጠጣሁ። እየቆየ ቃል መሐል ላይ ይቆረጥ ጀመር። አንድ ሰው ጉሮሮዬን ጨምቆ የያዘኝ ይመስለኛል። «ሰባት ጊዜ አምስት» ብዬ ለመጨረስ ትንፋሼ ያልቃል። ጨጓራ ነው ተባልኩ፤ መድኃኒት ወሰድኩ። ቶንሲል ነው ተባልኩ። ጭንቀት ነው ተባልኩ። ጠበልም ተጠምቄያለሁ። ጎረቤት «ዓይን በልቷት ነው» ይላል። በመጨረሻ ባሕር ዳር አንድ የአንገት በላይ ሐኪም በአፍንጫዬ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ አየኝና ስሙን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፤ ስፓዝሞዲክ ዲስፎኒያ ይላል። «ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ግን አይገድልሽም» አለኝ። ሌላ ለመጠየቅ ድምፅ አልነበረኝም።

የሚገርመው፣ ስስቅ ድምፄ ደህና ነው። ትንሿን ልጄን እሹሩሩ ስላት እንደ ድሮው ይወጣል። ለዚህ ነው ሰው የማያምነኝ። አማቴ «ለልጇ ሲሆን ይወጣላታል፤ ለእኛ ሰላምታ ሲሆን ይዘጋል» ብለው ተቀይመውኛል።

ከድምፁ ይልቅ የጎዳኝ ግን ድካሙ ነው። ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋ ላይ እወድቅ ነበር። አንገቴና ትከሻዬ ድንጋይ ይሆናሉ። ስልክ ሲጠራ ልቤ ይመታል። ገበያ ወጥቼ ዋጋ መከራከር ትቻለሁ፤ የተጠየቅኩትን ከፍዬ እመለሳለሁ።

ባለፈው ወር ርእሰ መምህሩ ጠርቶኝ ወላጆች ቅሬታ እንዳቀረቡ ነገረኝ። «ለጊዜው እቤት አርፊ። ብትችዪ ደግሞ በፈቃድሽ መልቀቂያ ጻፊና በሰላም እንለያይ» አለኝ። መልቀቂያውን እስካሁን አልጻፍኩም። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የእሱም ገቢ ይቆማል።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረው። በማኅሌት ድምፃቸው ከሩቅ ይለይ ነበር። የእሳቸው ልጅ ድምፅ አልባ ሆና ቤት መዋሏ ያሳፍረኛል። አንዳንድ ሌሊት ነገ ባልነቃስ እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

«ድምፄን ያጣሁ» ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ነገር ይዟል፤ እኔ ግን ከመጨረሻው ልነሳ። «ነገ ባልነቃስ» ያልሽውን ለሌላ ሰው ነግረሽው ታውቂያለሽ? ለባለቤትሽ? ለእህት፣ ለነፍስ አባትሽ? ድካምና የኑሮ ጭንቀት ሲደራረቡ እንዲህ ያለ ሐሳብ ብዙ ሰው ልብ ውስጥ ይገባል። ቢሆንም ብቻሽን ይዘሽው እንድታድሪ አልፈልግም። ዛሬ ማታ ለባለቤትሽ ንገሪው። መናገር ካቃተሽ የላክሽልኝን ደብዳቤ አስነብቢው። ሐሳቡ ከተደጋገመ፣ ወይም ራስሽን ወደ መጉዳት ከወሰደሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሰው ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቂ። የጉሮሮው ሕክምና ቀጠሮ ሊጠብቅ ይችላል፤ ይኼ ግን አይጠብቅም።

አሁን ወደ ድምፅሽ እንምጣ። መጀመሪያ ልንገርሽ፣ እኔ አምንሻለሁ። ስትስቂ ድምፅሽ መውጣቱ ማስመሰል አይደለም። እንዲያውም የበሽታው ጠባይ ነው። ስፓዝሞዲክ ዲስፎኒያ ከአንጎል የሚነሳ የጡንቻ እንቅስቃሴ እክል ነው። ለመናገር ስትሞክሪ የድምፅ አውታሮችሽን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ያለ ፈቃድሽ ይኮማተራሉ። በአንደኛው ዓይነት አውታሮቹ እርስ በርስ ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ፤ ድምፅ ይታነቃል፣ ይቆራረጣል። አንቺ የጻፍሽው ለዚህኛው የሚቀርብ ይመስለኛል። በሌላኛው ዓይነት ደግሞ ሳይፈለግ ይከፈታሉ፤ ድምፁ ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሳቅ፣ ልቅሶ፣ ዜማና ሹክሹክታ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ብዕር ሲይዙ ብቻ ጣታቸው የሚኮማተር ሰዎች አሉ። በዚያው እጅ እንጀራ ሲቆርሱ ምንም አይሉም። ያም ሕመም ከአንቺ ጋር አንድ ወገን ነው። «ስትጽፍ ነው እንዴ የምትታመመው?» ብሎ የሚስቅባቸውም አይጠፋም።

ይህን ሌላ ሰው ለአማትሽ እንዲያስረዳልሽ ብዬ ነው ያብራራሁት። አንቺ ራስሽ ግን አትሞክሪው። በታነቀ ድምፅ ራስን መከላከል ድካም ላይ ድካም ነው። ባለቤትሽ ይንገራቸው። ልጃቸው ነው፤ ይሰሙታል። አንድ ቀን ቡና አፍልታችሁ ቁጭ በሉና እሱ ያውራ፤ አንቺ አጠገባቸው ተቀመጪ። ጎጃም ውስጥ ሰላምታ አጭር እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዴት አደራችሁ ተብሎ፣ ልጆቹና ከብቱ ተጠይቀው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። አማትሽን ያስቀየማቸው ያ ሁሉ መቅረቱ ይመስለኛል። እጃቸውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ጉልበታቸውን ስትስሚ ግን ምን እንዳልሽ ይገባቸዋል። ቡናው ሲፈላ ለድምፅሽ የሚከብደው ጢሱ ነው፤ ዕጣኑን ቀነስ አድርጉት።

እኔም ልናዘዝ። ስልክ ላይ ድምፁ የሚቆራረጥ ሰው ሲገጥመኝ የፈራ ወይም የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ እንደዚያ የገመትኳቸውን ሰዎች እያሰብኩ አዝኛለሁ።

ድካሙን በተመለከተ፣ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም። ሌላው ሰው ሳያስብ የሚያወጣውን ቃል አንቺ በጉልበት ታወጪዋለሽ። ሆድሽ፣ ደረትሽ፣ አንገትሽ፣ ትከሻሽ ሁሉ ይገፋል። በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ቃል በፊት «ይወጣ ይሆን?» የሚል ስጋት አለ። ቀላል ቃል ትመርጫለሽ፣ ዐረፍተ ነገሩን ታሳጥሪያለሽ፣ የሰውን ፊት ታያለሽ። ይህን ስድስት ክፍለ ጊዜ ስታደርጊ የዋልሽ ሴት ጫማዋን ሳታወልቅ ብትወድቅ ምን ይገርማል?

አንድ ነገር ግን አደራ። ድካሙን ሁሉ በድምፁ ላይ አታሳብቢ። የደም ማነስ ይኖርሽ ይሆን? በእኛ በደጋው እንቅርት ብዙ ነው፤ እንቅርት ወይም የእንቅርት ሆርሞን መዛባት ደግሞ ጉልበትም ድምፅም ይነካል። እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? ከመንጋቱ በፊት ነቅተሽ ትቀሪያለሽ? የምግብ ፍላጎትሽስ? እዚያው ከተማሽ ባለው ሆስፒታል የደምና የእንቅርት ምርመራ እንዲያዙልሽ ጠይቂ። ከድምፁ ሌላ ምክንያት ከተገኘ ደስ ይበልሽ፤ እሱ ብዙ ጊዜ በሕክምና የሚስተካከል ነው።

እናትሽ ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድል ምን ያደርጉ እንደነበር ታስታውሺያለሽ? እህሉን መስከረምና ጥቅምትን አስበው በቁና እየሰፈሩ ያወጡ ነበር። ድምፅሽንም እንደዚያ እንድትሰፍሪው ነው የምለምንሽ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ትንሽ ደብተር ያዢ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ድምፅሽ እንዴት እንደነበር፣ ከማን ጋር ምን ያህል እንዳወራሽ፣ ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደደከመሽ በሁለት መስመር ጻፊ። ድምፅሽ የሚሻልበት ሰዓት ሊኖር ይችላል። ከባዱን ንግግር ወደዚያ ሰዓት አምጪው። ስልኩን ባለቤትሽ ወይም ትልቁ ልጅሽ ያንሳ፤ አንቺ በጽሑፍ መልሺ። ገበያ ስትወጪ ልጁን አስከትዪ፤ ዋጋ እሱ ይከራከር። ድምፅሽ ሲዘጋ ሰው መስማት የተሳነሽ መስሎት ይጮህብሻል። ስለዚህ አንዲት ወረቀት ቦርሳሽ ውስጥ ትኑር፦ «ድምፄ ታሟል፤ ጆሮዬ ደህና ነው። እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ።» ለማያውቅሽ ሰው አሳዪው፤ ያስረዳልሻል።

የተረፈውን ድምፅ ለማን ትሰጪዋለሽ? ይህን አንቺ ነሽ የምትመልሺው። እኔ ብሆን እሹሩሩውን አላስነካም።

ወደ ሥራሽ ስመጣ ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር። መልቀቂያውን አትጻፊ። ቢያንስ አሁን፣ ደክሞሽ፣ ሳታማክሪ አትጻፊ። በፈቃድሽ የለቀቅሽ ከሆነ «አሰናበቱኝ» ብለሽ መከራከር ይከብድሻል። ደግሞ «እቤት አርፊ» የተባልሽው በቃል ነው ወይስ በደብዳቤ? በቃል ከሆነ ያሳስበኛል። ነገ «ያለ ፈቃድ ቀርታለች» የሚል ወረቀት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ አጭር ማመልከቻ አስገቢ። በእገሌ ቀን እቤት እንድቆይ በቃል ተነግሮኛል፤ ሕመሜ ይህ ነው፤ የሐኪም ማስረጃ አያይዣለሁ በይ። ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርገሽ ለራስሽ አስቀሪ። መዝገብ ቤት አንቀበልም ካሉሽ በፖስታ በአደራ ደብዳቤ ላኪው። ደረሰኙን እንዳትጥዪው።

የግል ትምህርት ቤት ስለሆነ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው፤ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ይህ ግን የታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ይፈልጋል። የባሕር ዳሩ ሐኪም የጻፈልሽ ወረቀት የሕመሙ ስም ብቻ ከሆነ፣ ተመልሰሽ ለአሠሪ የሚቀርብ ማስረጃ አጽፊ። ስንት ሰዓት መናገር እንደሚጎዳሽ፣ ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደምትችዪ ቢገለጽበት ይጠቅምሻል። «አትችልም» ብቻ የሚል ማስረጃ ግን ሊጎዳሽ ይችላል። ምክንያቱም ሠራተኛው በጤና ምክንያት ሥራውን በቋሚነት መሥራት ካልቻለ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንዲችል ሕጉ ይፈቅዳል። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አለ። አሠሪው ለሠራተኛው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል ይከብድሽ ይሆናል፤ ይገባኛል። ቃሉን ራስሽ ላይ ለመለጠፍ አትቸኩዪ። በሩን ግን እወቂው። ድንገት ካሰናበቱሽ ደግሞ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙ ሰው ሽማግሌ ሲልክ፣ ሲለምን ይህ ጊዜ ያልፍበታል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ቀኑን ግን ቁጠሪ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ሰው ልከሽ አስጠይቂ።

ወደ ርእሰ መምህሩ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ምን እንደምትፈልጊ ጽፈሽ ያዢ። ደግሞስ ሒሳብ በሰሌዳ የሚሠራ ትምህርት አይደል? ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለ፤ በእሱ ስታስተምሪ ድምፅሽን ከፍ ማድረግ የለብሽም። ስድስቱ ክፍለ ጊዜ ወደ ሦስት ይውረድ። የተማሪዎቹ ቡድን መሪዎች ጥያቄውን ለጓደኞቻቸው ያንብቡ፤ አንቺ በመካከላቸው እየዞርሽ ደብተር ላይ አርሚ። ክፍሉን ዝም ለማሰኘት ጭብጨባ ወይም ፊሽካ ይበቃል። የቀረውን ጊዜ ፈተና በማዘጋጀት፣ ውጤት በመመዝገብ፣ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ይሸፍኑልሽ። ከአንቺ ጋር የሚገባ አንድ የሥራ ባልደረባ ምረጪ። መናገር ሲያቅትሽ እሱ ያንብብልሽ። ወላጆች ቅሬታ አቀረቡ የተባለው ስለ ማስተማርሽ ነው ወይስ ስለ ድምፅሽ? ይህን በጽሑፍ ጠይቂው። የተማሪዎችሽ ውጤት ካልወረደ መዝገቡን አስወጪ፤ ካንቺ የተሻለ ይናገራል።

እነዚህ ሁሉ ካልሆኑስ? እቤትሽ አራት አምስት ልጅ አስቀምጦ ማስጠናት አለ። ለአራት ልጅ ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት ጀምሪውና ደብተርሽ ላይ ድካምሽን እዪው። እንደ ደመወዝሽ አይሆንም፤ ለዘይትና ለበርበሬ ግን ይደርሳል። አሁኑኑ ልትሞክሪው ትችያለሽ ብዬ ግን አልመክርም። በሕመም ፈቃድ ላይ ሆነሽ ስታስጠኚ ቢያዩሽ ነገር ያመጣብሻል። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ይለይ።

ሐኪምሽ «ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም» ያለሽ እውነት ነው። ማስታገሻ ግን አለው። ቦቱሊነም ቶክሲን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ሰዉ ቦቶክስ የሚለው። እሱ በጣም በትንሹ የድምፅ አውታሩ ጡንቻ ላይ ይወጋል። ጡንቻው ይላላል፤ ድምፁ ይለቀቃል። ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይሠራና ይደገማል። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ድምፅ ሊሳሳ፣ ውኃ ሲጠጡ ትን ሊል ይችላል። የለመደ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የንግግር ሕክምናም አለ። በሽታውን አያጠፋም፤ በላዩ የጨመርሽውን የአንገትና የትከሻ መግፋት ግን ይቀንስልሻል። ባለሙያዎቹ በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ መንገድ ከመነሳትሽ በፊት የባሕር ዳሩን ሐኪም በጽሑፍ ጠይቂው። ይህ መርፌ ለእኔ ይሆናል? የት ነው የሚሰጠው? አንዱ ዙር ስንት ያስወጣል? ወደ ንግግር ሕክምና ልትልከኝ ትችላለህ? በዓመት ሦስት አራት ጊዜ የሚደጋገም ወጪ ነውና ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አቅም የማይፈቅድ ከሆነ ያላገኘሽው በራስሽ ጥፋት አይደለም።

ጠበሉንም መተው የለብሽም። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ግን በእሱ ምክንያት አታቋርጪ።

አሜሪካ ውስጥ ዳያን ሪም የምትባል የታወቀች የሬዲዮ አዘጋጅ አለች። በፈረንጆች 1998 ይኸው የአንቺ ሕመም እንዳለባት ታወቀ። እንጀራዋ ድምፅ የሆነች ሴት ናት። ለወራት ከአየር ወጣች። ከዚያ መርፌውን እየወሰደች፣ በዚያው በሚንቀጠቀጥ ድምፅ እስከ 2016 ድረስ ፕሮግራሟን መራች። የእሷ አገር ሕክምናና ገቢ ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ አውቃለሁ። የነገርኩሽ የሕመሙ ስም የአንቺ ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

የአባትሽን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ጎጃም የእነ ዋሸራ፣ የእነ ጎንጅ፣ የእነ ዲማ የቅኔ ቤቶች አገር ነው። የቅኔ ቤት ልጅ ስለሆንሽ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን ለመምህሩ ከማሰማቱ በፊት ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ሰዓታት ያልፋሉ፤ አንድ ቃል አይወጣውም። መንገደኛ ሲያየው ሥራ የፈታ ይመስለዋል። አባትሽ ግን ያን ዝምታ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በአንቺ ዝምታ የሚያፍሩ ይመስልሻል? እኔ አይመስለኝም።

ለዛሬ ማታ ሥራሽ አንድ ነው፤ ደብዳቤውን ለባለቤትሽ ማስነበብ። ሰኞ ማመልከቻው ይግባ። የደም ምርመራው በዚያው ሳምንት ይሁን። ርእሰ መምህሩ የመለሰልሽን በእጅሽ ስትይዢ ላኪልኝ፤ «አይሆንም» ቢልም ላኪልኝ፤ ቀጣዩን ደብዳቤ አብረን እንጽፈዋለን።